ነጋዴውና የጋራው ማሳ፤ የሶፍትዌር ኩባንያዎችና የኦፕን ሶርስ ማኅበርተኞች ግንኙነት ታሪክ

መግቢያ

ብዙ ሰዎች በጋራ የሠሩትን ነገር አንድ ነጋዴ ወስዶ ቢሸጠውና ቢያተርፍበት፥ ለሠሩት ሰዎች ምን ዕዳ አለበት? ይህ በእርሻም በንግድም ዘንድ የቆየ ጥያቄ ነው። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ግን ባለፉት ሰባ ዓመታት ውስጥ አዲስ መልክ ይዞ ስለ ተነሣ፥ የታሪክ ተማሪ ሊመረምረው የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሶፍትዌር ሸጠው የሚኖሩ ኩባንያዎችና ኦፕን ሶርስ በተባለው ሥርዓት በጋራ የሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንደ ተለያዩ፥ እንዴት እንደ ተጣሉ፥ በኋላም እንዴት ተመልሰው በአንድ ገበታ እንደ ተቀመጡ፥ ዛሬም ስለ ምን እንደሚከራከሩ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በብዛት የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ይኸውም ኩባንያዎቹ በመጀመሪያ ጠላቶች ነበሩ፤ ኋላ ግን ልብ ገዝተው ወዳጆች ሆኑ የሚል ነው። እኛ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል ስንመለከተው፥ ይህ አነጋገር የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ሆኖ ይታየናል። ጠላትነቱም ወዳጅነቱም ከልብ መለወጥ የመጣ አይደለም። የመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ነጋዴው የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደ ሆነ፥ ሁለተኛው የሥራው ባለቤትነት በማን እጅ እንዳለ ነው። ይህንን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ከታሪኩ በፊት አንድ ቃል መፍታት ያስፈልጋል። ፕሮግራም አዋቂው የሚጽፈው፥ ሰው አንብቦ ሊረዳውና ሊያርመው የሚችለው ጽሑፍ ሶርስ ኮድ ይባላል፤ የምንጭ ጽሑፍ ልንለው እንችላለን። ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ግን ከዚህ ጽሑፍ ተተርጕሞ የወጣ የቍጥር ሰልፍ ነው፤ እርሱን አንብቦ ማሻሻል እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ የምንጩን ጽሑፍ የያዘ ሰው እንደ ባለቤት ነው፤ ትርጕሙን ብቻ የገዛ ሰው ግን ወጡን ቀምሶ አሠራሩን እንዳላየ እንግዳ ነው። ኦፕን ሶርስ ማለት እንግዲህ የምንጩ ጽሑፍ ተገልጦ፥ ማንም ሰው እንዲያነበው፥ እንዲለውጠው፥ ለሌላ እንዲያካፍለው፥ እንዲሸጠውም ጭምር የተፈቀደበት ሥርዓት ነው።

ሀ. ፕሮግራም ሳይሸጥ የነበረበት ዘመን

በ1950ዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር ማለት አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ፥ ዋጋውም እጅግ የከበደ መኪና ነበር። ነጋዴው የሚሸጠው ወይም የሚያከራየው መኪናውን እንጂ ፕሮግራሙን አልነበረም። ፕሮግራሙ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚሰጥ ምርቃት ነበር። በ1955 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበሩ የአይ ቢ ኤም መኪና ተጠቃሚዎች ሼር የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከማኅበሩም ዋና ሥራዎች አንዱ አባሎቹ የጻፉትን ፕሮግራም እርስ በርስ መለዋወጥ ነበር። አይ ቢ ኤምም ይህን አልተቃወመም። የሚቃወምበትም ምክንያት አልነበረውም፤ ፕሮግራሙ በበዛ ቍጥር የመኪናው ተፈላጊነት ይጨምራልና። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ፊት ተመልሰን እንመጣበታለን።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በጃንዋሪ 1969 የአሜሪካ መንግሥት አይ ቢ ኤም ገበያውን ብቻውን ይዟል በማለት ከሰሰው። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኩባንያው ፕሮግራሞቹንና አገልግሎቱን ከመኪናው ዋጋ ለይቶ ማስከፈል እንደሚጀምር አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራም ራሱን የቻለ የንግድ ዕቃ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1976 በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበሩት ሚስተር ቢል ጌትስ፥ በትርፍ ጊዜያቸው በኮምፒዩተር ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ በእርሱም የኩባንያቸውን ፕሮግራም ሳይከፍሉ የሚገለብጡትን ሰዎች ወቀሱ፥ ያለ ዋጋ ሙያውን የሚሰጥ ሰው ከየት ይገኛል ሲሉም ጠየቁ። በ1980 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ሸንጎ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ በደራሲ መብት ሕግ የሚጠበቅ መሆኑን ደነገገ። በ1983ም አይ ቢ ኤም ከእንግዲህ ወዲህ ለደንበኞቹ የምንጭ ጽሑፍ ሳይሆን ትርጕሙን ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው መለያየቱን የወለደው የነጋዴው ክፋት ወይም የማኅበርተኛው ግትርነት አለመሆኑን ነው። ፕሮግራሙ ዋጋ ሲወጣለት፥ ሕግም ሲያጥርለት፥ ቀድሞ ልግስና ይባል የነበረው መለዋወጥ ስርቆት ተባለ። ሥራው ያው ነው፤ ስሙ ግን ተለወጠ።

ለ. የዩኒክስ ክርክር

የዚህን ለውጥ ምሳሌ ከዩኒክስ ታሪክ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳይ የለም። ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው ታላቅ የስልክ ኩባንያ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ከስልክና ከቴሌግራፍ ሥራ ውጭ በሆነ ንግድ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በ1969 በኩባንያው የምርምር ቤት በቤል ላቦራቶሪ ሚስተር ኬን ቶምፕሰንና ሚስተር ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምሩ፥ ኩባንያው ሊነግድበት ስላልቻለ፥ ከነምንጭ ጽሑፉ በጥቂት ዋጋ ለዩኒቨርሲቲዎች ሰጠ። ከእነዚህ መካከል በካሊፎርንያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። የበርክሌይ ተማሪዎችና መምህራን ፕሮግራሙን አሻሻሉት፤ ብዙ አዲስ ነገር ጨመሩበት፤ የጨመሩትንም ለሌሎች አከፋፈሉ።

በ1984 ኤ ቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል የቀድሞው ክልከላ ተነሣለት። ኩባንያው ዩኒክስን እንደ ንግድ ዕቃ መሸጥ ጀመረ፤ የፈቃዱም ዋጋ ናረ። በርክሌዮች በበኩላቸው የኤ ቲ ኤንድ ቲን ጽሑፍ እየነቀሉ በራሳቸው ጽሑፍ ተኩት፤ በ1991ም አብዛኛውን ለማንም በነጻ አወጡ። አንድ ትንሽ ኩባንያ ይህን ይዞ መነገድ ሲጀምር፥ በ1992 የኤ ቲ ኤንድ ቲ ልጅ የሆነው የዩኒክስ ኩባንያ ኩባንያውን ከሰሰው፤ ዩኒቨርሲቲውንም ከክሱ አስገባው። ክርክሩ በ1994 በስምምነት ሲያልቅ፥ 18000 ከሚያህሉት የበርክሌይ ፋይሎች ውስጥ እንዲወጡ የተወሰነው 3 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለሁለት ዓመት ያህል ፕሮግራሙ በጥርጣሬ ጥላ ሥር ስለ ቆየ፥ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። በርክሌዮች ጽሑፋቸውን ያወጡበት ውል እጅግ ለጋስ ነበር፤ የሠሪውን ስም ከመጥቀስ በቀር ከወሳጁ ብዙ አይጠይቅም። የተከፈተውን ወስዶ መዝጋትም አይከለክልም። እንዲያውም በ1982 የተቋቋመው ሰን የተባለው ኩባንያ፥ ከመሥራቾቹ አንዱ ከበርክሌይ የወጡት ሚስተር ቢል ጆይ ሲሆኑ፥ መኪናውን ይሸጥ የነበረው በዚሁ በበርክሌይ ሥራ ላይ በተመሠረተ ፕሮግራም ነው። ይህ ዓይነቱ ልግስና የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል ያሉት እንዳይደርስ የሚከለክል አጥር የለውም።

ሐ. አጥሩን በሕግ የሠሩ ሰው

ያን አጥር የሠሩት ሚስተር ሪቻርድ ስቶልማን ናቸው። እርሳቸው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ፕሮግራም አዋቂ ነበሩ። የሥራ ጓደኞቻቸው ወደ ኩባንያዎች ሲበተኑና ቀድሞ በጋራ ይሠራ የነበረው ጽሑፍ ሲዘጋ ተመልክተው፥ በሴፕቴምበር 1983 ግኑ የተባለውን ሥራ አሳወቁ፤ በ1984 መጀመሪያም ሥራቸውን ለቀው በዚሁ ተሠማሩ። በ1985 የነጻ ሶፍትዌር ድርጅትን አቋቋሙ፤ በ1989 ደግሞ ጂ ፒ ኤል የተባለውን የፈቃድ ውል አወጡ።

የዚህ ውል ብልኀት እንዲህ ነው። ስቶልማን የደራሲን መብት ሕግ አልተቃወሙም፤ ገልብጠው ተጠቀሙበት እንጂ። በሕጉ መሠረት ደራሲው ባለቤት ነው፤ ባለቤትም የፈለገውን ውል ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ውሉ፥ ማንም ሰው ፕሮግራሙን መውሰድ፥ መለወጥና መሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን ለውጦ ለሌላ ሲሰጥ የምንጩን ጽሑፍ አብሮ፥ በዚያው ውል መስጠት አለበት ይላል። ነገሩ ከእኛ አገር ደቦ ጋር ጥቂት ይመሳሰላል። በደቦ የታረሰለት ሰው እህሉ የራሱ ነው፤ ይበላዋል ይሸጠዋል፤ ባልንጀራው ሲጠራው ግን አልሄድም አይልም። ልዩነቱ በደቦ እምቢ ያለ ሰው የሚቀጣው በሐሜትና ብቻውን በመቅረት ሲሆን፥ በጂ ፒ ኤል እምቢ ያለ ኩባንያ ግን በፍርድ ቤት ሊከሰስ መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም እንወዳለን። ብዙ ሰዎች ይህ ውል ንግድን የሚከለክል ይመስላቸዋል። አይደለም። ስቶልማን ራሳቸው የፕሮግራሞቻቸውን ቅጂ በቴፕ እየገለበጡ በገንዘብ ይሸጡ ነበር። በእኛ ቋንቋ ነጻ የሚለው ቃል አርነትንም ያለ ዋጋ መሰጠትንም ስለሚገልጽ፥ የእንግሊዝኛውም ቃል እንዲሁ ስለ ሆነ፥ ብዙ ክርክር ከዚህ የቃል መደራረብ መጥቷል። ውሉ የሚጠብቀው ግን አርነቱን እንጂ ዋጋ ማጣቱን አይደለም።

መ. አዲሶቹ ነጋዴዎች

በ1991 በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆኑት ሚስተር ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጀመሩ። መጀመሪያ ያወጡበት ውል በማከፋፈል ገንዘብ መቀበልን ፈጽሞ የሚከለክል ነበር። በ1992 ግን ይህን ትተው ጂ ፒ ኤልን ያዙ። እንግዲህ ለነጋዴ በሩን የከፈተው ነጋዴው ራሱ ሳይሆን የሥራው ጀማሪ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ፕሮግራሙን በዲስክ ገልብጦ የሚያደርስ ሰው ድካሙ እንዲከፈለው ካልተፈቀደ፥ ሥራው ከጥቂት ተማሪዎች እጅ አይወጣም ነበር።

ለሁሉ የተሰጠን ነገር እንዴት መሸጥ ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ ቀድሞ መልስ የሰጠው በ1989 በካሊፎርንያ የተቋቋመው ሲግነስ የተባለው ኩባንያ ነው። ሲግነስ ፕሮግራሙን ሳይሆን እውቀቱን ሸጠ፤ ማለት የደንበኛውን መኪና ከፕሮግራሙ ጋር ማስማማትን፥ ስሕተት ማረምን፥ ምክር መስጠትን ይሸጥ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሬድ ሃት ይህንኑ አሠራር አሰፋው። ሊኑክስን ከሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ጋር አሰባስቦ፥ ፈትኖ፥ ለብዙ ዓመት እጠብቀዋለሁ ብሎ ቃል በመግባት በየዓመቱ ያስከፍል ጀመር። ደንበኛው የሚከፍለው ለጽሑፉ ሳይሆን ለዋስትናው ነው።

በኦገስት 1999 ሬድ ሃት አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያወጣ፥ በ14 ዶላር የተሸጠው አክሲዮን በመጀመሪያው ቀን ከ50 ዶላር በላይ ሆኖ ዋለ። ኩባንያው ውለታውን ለመመለስ አስቦ፥ በገበያ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ አክሲዮን እንዲገዙ በፈቃዳቸው ለሠሩ ፕሮግራም አዋቂዎች ጥሪ ልኮላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የአክሲዮን ደላላው ባወጣው መመዘኛ መሠረት ለእንዲህ ያለው ግዢ ብቁ አይደላችሁም ተብለው ተመለሱ። ይህ ትንሽ ታሪክ ቢሆንም ብዙ ያስተምራል። ነጋዴው ውለታውን ያወቀ ቢሆንም፥ የገበያው ሥርዓት ራሱ በጋራ ለሠራ ሰው የተሰናዳ መቀመጫ አልነበረውም።

በዚህ መካከል በጃንዋሪ 1998 የኢንተርኔት ማንበቢያ የሚሸጠው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የፕሮግራሙን የምንጭ ጽሑፍ እንደሚገልጥ አስታወቀ፤ በማርችም ገለጠ። ኔትስኬፕ ይህን ያደረገው ማይክሮሶፍት ተመሳሳዩን ፕሮግራም ያለ ዋጋ በመስጠት ገበያውን ስለ ወሰደበት ነው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በካሊፎርንያ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች፥ ነጻ የሚለው ስም ነጋዴውን ያስፈራዋል ብለው፥ ወይዘሮ ክሪስቲን ፒተርሰን ያቀረቡትን ኦፕን ሶርስ የሚለውን ስም መረጡ። ስቶልማን ግን ይህን ስም አልተቀበሉትም፤ የሥራው ጥቅም ብቻ ተነግሮ የሰው አርነት ይረሳል ብለው ነበርና። ኋላ እንደምናየው ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

ሠ. ጦርነቱና እርቁ

በኦክቶበር 1998 መጨረሻ የማይክሮሶፍት የውስጥ ማስታወሻ ከእጅ ወጥቶ ታተመ። ማስታወሻው ሊኑክስና መሰሎቹ ጥራት ያላቸውና ለኩባንያው ገቢ የሚያሠጉ መሆናቸውን ያምናል፤ እነርሱንም የሚገታበትን ዘዴ ይመክራል። በጁን 2001 የኩባንያው ሹም ሚስተር ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን የነካውን የሌላ ሰው ንብረት ሁሉ ከሚይዝ የካንሰር በሽታ ጋር አመሳሰሉት። በ2003 ደግሞ ኤስ ሲ ኦ የተባለ ኩባንያ፥ የዩኒክስ ባለቤት እኔ ነኝ፥ አይ ቢ ኤም ንብረቴን ለሊኑክስ አሳልፎ ሰጥቷል በማለት 1 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቆ ከሰሰ። የሚያስደንቀው ይህ ከሳሽ ቀደም ሲል ካልዴራ በሚባል ስም ሊኑክስን ይሸጥ የነበረ ኩባንያ መሆኑ ነው። በ2007 ከኪሣራ ጥበቃ ሥር ገባ፤ በ2010ም በዩታ የተሰየሙ የፍርድ ሸንጎ አባሎች የዩኒክስ የደራሲነት መብት የኤስ ሲ ኦ ሳይሆን የኖቬል ኩባንያ መሆኑን ወሰኑ።

በተቃራኒው ወገን የቆመው አይ ቢ ኤም ነው። በ2000 መጨረሻ ይህ ኩባንያ በሚመጣው አንድ ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለሊኑክስ ሥራ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ፕሮግራምን ከመኪና ለይቶ በመሸጥ መንገዱን የጠረገው አይ ቢ ኤም እንዴት የጋራው ሥራ ደጋፊ ሊሆን ቻለ? መልሱ ከላይ አስታውሱት ባልነው በ1955ቱ ነገር ውስጥ ይገኛል። አይ ቢ ኤም በዚህ ጊዜ ትርፉን የሚያገኘው ከትላልቅ መኪናዎችና ከአገልግሎት ነበር። ለእርሱ ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥሩ ፕሮግራም መኪናውን የሚያሻሽጥለት ረዳት ነው፤ ተወዳዳሪው ማይክሮሶፍት ግን የሚኖረው ከዚያው ፕሮግራም ሽያጭ ስለ ነበር ለእርሱ ጠላት ነው። አንዱ ነገር ለሁለት ነጋዴ ሁለት ዓይነት ሆነ።

ማይክሮሶፍትም ቢሆን ኋላ ትርፉ በኢንተርኔት በኩል መኪና ወደ ማከራየት ሲያዘነብል፥ አቋሙ ተለወጠ። ተከራዮቹ በኪራይ መኪናው ላይ ሊኑክስን ማሠራት ይፈልጋሉና። በኖቬምበር 2016 የሊኑክስ ፋውንዴሽን አባል ሆነ፤ በ2018ም የጋራ ሥራ ዋና መናኸሪያ የሆነውን ጊትሃብን 7.5 ቢሊዮን ዶላር በሚያወጣ አክሲዮን ገዛ። አይ ቢ ኤም ደግሞ በጁላይ 2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጠቀለለ። የሊኑክስ ፋውንዴሽን በ2015 ባወጣው መግለጫ እንደ ተመለከተው፥ በሊኑክስ እምብርት ላይ ከሚሠራው ሥራ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው ደመወዝ በሚከፈላቸው ሰዎች የሚሠራ ነው። እንግዲህ ማኅበርተኛና ነጋዴ እያልን የለየናቸው ሁለት ወገኖች ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ናቸው፤ ቀን የኩባንያ ሠራተኛ፥ ማታ የማኅበሩ አባል።

ረ. አዲሱ ጠብ

ሰላሙ ግን ፍጹም አልሆነም። በ2010 ኦራክል ሰንን ሲገዛ ኦፕን ኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም አብሮ ተሻገረ። የሚሠሩበት ሰዎች አዲሱን ጌታ ስላላመኑት፥ በሴፕቴምበር 2010 ጽሑፉን ይዘው ወጥተው ሊብሬ ኦፊስን አቋቋሙ። ኦራክል በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ትቶ ለአፓቺ ድርጅት አስረከበ። ይህ ዓይነቱ መለየት ፎርክ ይባላል፤ እንደ ጐጆ መውጣት ያለ ነው። ውሉ ስለሚፈቅድ፥ ማኅበሩ ነጋዴውን ጥሎ መሄድ ይችላል። የማኅበሩ ዋና መሣሪያም ይህ ነው ብንል አልተጋነነም።

ከ2018 ወዲህ የተነሣው ጠብ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ሞንጎ ዲቢ፥ ኢላስቲክ፥ ሃሺኮርፕና ሬዲስ የተባሉት ኩባንያዎች ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አውጥተው በዚያው ላይ የሚነግዱ ነበሩ። አማዞንን የመሰሉ ታላላቅ የኪራይ መኪና ባለቤቶች ግን እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች ወስደው በኪራይ አገልግሎት መልክ ሊሸጡ ይችላሉ። ጂ ፒ ኤል የምንጩን ጽሑፍ ስጥ የሚለው ፕሮግራሙን ለሌላ ያስተላለፈውን ሰው ነው፤ በራሱ መኪና አሠርቶ አገልግሎቱን ብቻ የሚያከራየውን አይነካውም። የሬዲስና የኢላስቲክ ውሎች ደግሞ ያንንም ያህል ግዴታ አልነበረባቸውም። ስለዚህ ሞንጎ ዲቢ በ2018፥ ኢላስቲክ በ2021፥ ሃሺኮርፕ በ2023፥ ሬዲስ በ2024 ውላቸውን እየለወጡ በሩን አጠበቡ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ኩባንያዎቹ እኛ ዘርተን ጐረቤት አጨደ ይላሉ። በፈቃዳቸው የረዱት ሰዎች ደግሞ፥ እኛ የሠራነው በተከፈተ በር ገብተን ነው፤ በሩን ከኋላችን ልትዘጉብን አይገባም ይላሉ። ውጤቱም እንደ ቀድሞው ጐጆ መውጣት ሆነ። ከኢላስቲክ ሥራ አማዞን ራሱ ኦፕን ሰርችን አወጣ፤ ከሃሺኮርፕ ሥራ ኦፕን ቶፉ፥ ከሬዲስም ቫልኪ ተለዩ። ከዚህ በኋላ ኢላስቲክ በ2024፥ ሬዲስም በ2025 ኦፕን ሶርስ የሆነ ውል መልሰው ጨመሩ። በሩን መዝጋት ቀላል፥ ከተዘጋ በኋላ የወጣውን ሰው መመለስ ግን ከባድ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ሬድ ሃትም ከዚህ ክርክር አላመለጠም። በዲሴምበር 2020 ብዙ ሰው ያለ ዋጋ ይጠቀምበት የነበረውን ሴንት ኦኤስ 8 እስከ 2029 እጠብቀዋለሁ ያለውን ትቶ በ2021 መጨረሻ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ ሮኪ ሊኑክስና አልማ ሊኑክስ የተባሉት ተቋቋሙ። በጁን 2023 ደግሞ የዋናውን ዕቃ የምንጭ ጽሑፍ ለደንበኞቹ እንጂ ለአደባባይ እንደማያወጣ ገለጸ። የተከራካሪዎቹ ነጥብ ውሉ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም የሚል ብቻ አልነበረም፤ ብዙዎቹ የተሰማቸው ቃል እንደ ታጠፈ ነው። የተጻፈ ውልና የሰው መተማመን ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ ይታያል።

ልዩነቱን የሚወስነው ምንድን ነው? ሊኑክስን የጻፉት ሺህ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችና ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸው ባለመብት ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ነጋዴ ብቻውን ውሉን ሊለውጥ አይችልም። ከላይ በጠቀስናቸው ፕሮግራሞች ግን መብቱ ወይም የመወሰኑ ሥልጣን በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር። ርስቱ ለብዙ ሰው የተከፋፈለበት አገር በአንድ ሰው ፊርማ አይሸጥም።

ሰ. ሸክሙ በማን ላይ ነው?

ከውል ይልቅ የሚያሳስበን አንድ ነገር ቀርቷል። በኤፕሪል 2014 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምሥጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ከባድ ጕድለት ተገኘ። ከዓለም የኢንተርኔት ንግድ ብዙው በዚህ ፕሮግራም ይጠበቅ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በዓመት የሚመጣለትም ልገሣ 2000 ዶላር ያህል ነበር። ቢሊዮን የሚያተርፉ ኩባንያዎች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት ከአደጋው በኋላ ነው።

በማርች 2024 ደግሞ ኤክስ ዜድ በተባለ የመጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጠላት በር ተገኘ። በሩን የቀበረው፥ ደክሞት የነበረውን በፈቃዱ የሚሠራ ጠባቂ ከ2 ዓመት በላይ እየረዳ መተማመኑን ያገኘ ሰው ነበር። ያገኙት ደግሞ ሚስተር አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ የማይክሮሶፍት ባልደረባ ናቸው፤ መኪናቸው ከልማዱ በግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለ ዘገየባቸው መርምረው ደረሱበት። ማኅበሩን ካንሰር ያለው ኩባንያ ሠራተኛ ማኅበሩን ከአደጋ አዳነ ማለት ነው። አደጋው የመጣበት በር ግን የአንድ ሰው ድካም ነበር፤ ያንም ድካም የጋራው ሥራ ተጠቃሚ የሆነ ሁሉ ሊያቀለው ይችል ነበር።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን በኪሳችን የያዝነው አንድሮይድ ስልክ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን የመሰሉ የግዕዝ ፊደል ቅርጾችም የወጡት ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያሻሽላቸው በሚፈቅድ ውል ነው። እኛም እንግዲህ ከዚህ ማሳ ከሚበሉት ወገን ነን።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ነጋዴ የጋራ ሥራን የሚወደው ወይም የሚጠላው በሚሸጠው ዕቃ መጠን ነው፤ አይ ቢ ኤም በ1955 የፈቀደውን በ1983 ዘጋ፥ በ2000 ደግሞ ደገፈ፤ በሦስቱም ጊዜ ያስተዋለው ትርፉን ነው። ሁለተኛ፥ ማኅበሩን ከጕዳት የጠበቀው የነጋዴው መልካም ፈቃድ ሳይሆን ውሉ፥ የመብቱ መከፋፈልና ጐጆ የመውጣት ነጻነት ነው። ሦስተኛ፥ እነዚህ ሦስቱ ሥራውን ከመዘጋት ሊጠብቁት ቢችሉም፥ ሠሪውን ከድካም አይጠብቁትም። ውል ሰውን አትስረቅ ሊለው ይችላል፤ ባልንጀራህን እርዳው ሊለው ግን አይችልም።

ደቦ የጠራ ሰው ለሠራተኞቹ እንጀራና ጠላ ያቀርባል። ይህን ያደረገው ሕግ አስገድዶት አይደለም፤ ዘንድሮ ያላበላ ሰው ለከርሞ ማሳው ላይ ብቻውን እንደሚቆም ስለሚያውቅ ነው። ነጋዴዎቹ ይህንን ከሃርትብሊድና ከኤክስ ዜድ ተምረውት እንደ ሆነ የሚያስረዳው የሚመጣው ዘመን ሥራቸው ነው። ጓደኞቻችን ተማሪዎች በየትምህርት ክፍላቸው፥ የሕግ ተማሪዎች ውሎቹን፥ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች የሥራውን ዋጋ፥ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም ራሳቸው በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ማን እንደሚጠብቃቸው ቢመረምሩ፥ ይህ አጭር ጽሑፍ የጀመረውን ሥራ ወደ ፊት ያራምዱታል ብለን እናምናለን።